ከሐይቁ ሙቀት ልቀዳ ሄጄ

ደሴ አጠገብ ካለችው ሐይቅ ስመለስ ጎረቤቶቼ የጠየቁኝ ስለ ገዳሙና ስለ ውኃው ውበት ነው። ገዳሙን ከሩቅ አየሁት፤ ውኃውን ግን ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በዓይነ ቁራኛ ነበር። የሄድኩት ለሥራ ነው። ፍሪጅና የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ፤ ሱቄ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ጫፍ ላይ ናት። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁለት ነገር ይማራል፤ ሙቀት ከየት ወዴት እንደሚሄድና ሰው ምን ያህል እንደሚዋሽ። ቫልቩ ላይ የመፍቻ ጭረት እያየሁ "ማንም አልነካውም" ይሉኛል። አባቴም ያሳደገኝ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለ ነው። እንግዲህ እዚያ ሄዳችሁ የማታውቁ በእኔ ዓይን ስታዩት፣ ዓይኑ የተጠራጣሪ መሆኑን አትርሱ።

ያስጠሩኝ ሰይድና ሚስቱ ሀያት ናቸው። የሰይድ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት ያለው ደንበኛዬ ነው። ባልና ሚስቱ ሐይቁ ዳር የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው፣ አሙቀው፣ ጠንከር ሲል ለገበሬ ያከፋፍላሉ። ባለፈው ዙር ቤቱን የሚያሞቁት በከሰል ነበር። ሀያት ጫጩቶቹን ልታይ ገብታ እዚያው ወደቀች። ሰይድ ደርሶ ጎትቶ አወጣት፤ ጫጩቶቹ ግን ታፍነው አለቁ። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ሂት ፓምፕ ገዝቶ በጭነት መኪና ላከላቸውና እኔን "ሂጂና ትከይላቸው" አለኝ።

ሂት ፓምፕ የተገለበጠ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ይጥላል፤ ጀርባውን ነክታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ይኼኛው ከሐይቁ ውኃ ሙቀት ይወስድና ከጫጩት ቤቱ ወለል ሥር በተዘረጋ ቱቦ ለሚዞር ውኃ ይሰጠዋል። የሐይቁ ውኃ ትንሽ ቀዝቅዞ ይወጣል እንጂ የሚጨመርበት ነገር የለም። እሳት የለውም፣ ጭስ የለውም። ጫጩቶቹ እሑድ ይደርሳሉ ተባልኩ፤ እስከዚያ ማሽኑ ካልሠራ ምን እንደሚሆን አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ረዳቱ የመሣሪያ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልጫን አለ፤ እኔ አይሆንም አልኩ፤ ተጓተትን፤ በመጨረሻ ቦርሳው ጭኔ ላይ ተቀምጦ ደሴ ገባ። መፍቻዎቼ፣ ቴስተሬና የግፊት መለኪያ ጌጄ ያሉት እዚያ ነው። እነሱ ከጠፉ እኔም እዚያ ሄጄ የምሠራው የለኝም።

አጠገቤ የተቀመጡት የደሴ እናት ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ቆሎ ዘረጉልኝ። ጠግቤያለሁ አልኳቸው። አፍዝ አደንግዝ የሚባል ነገር እንዳለ ያልሰማ የለም። እሳቸው ቆሎውን ብቻቸውን ቆረጣጠሙና ጣርማ በር ሳንደርስ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ተኙ። ቆሎው አደነዘዛቸው ብዬ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ነቅተው ሙዝ ሲገዙ ደህና ሆነው ተገኙ። ለእኔም ገዙልኝ። ሙዝ ልጣጭ ስላለው በላሁት።

መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቴስተሬን በገመዱ አንጠልጥሎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ ስለው ከዕቃው ይልቅ እኔ አስደነቅሁት መሰለኝ፣ ጓደኛውን ጠርቶ እኔን አሳየው። ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀኝ ቦርሳዬ እስከ ታች ተበረበረ። ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪው ሁሉ በጎን ያየኝ ጀመር። እኚያ እናት ብቻ "አብሽሪ፣ ሥራቸው ነው" አሉኝ።

ደሴ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። የእኛ ሰው አዲስ አበባ ብርድ አለ ይላል፤ ደሴን ይየው። የያዝኩት አልጋ ንጹሕ ነበር፤ ቁልፉን ስላላመንኩት በሩን በወንበር ደገፍኩት። ጠዋት ወንበሩ እንደነበረ ቆሟል። ማንም ሊሰርቀኝ አለመምጣቱ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ረቡዕ

ሚኒባሱ ቦሩ ሜዳን፣ ሱሉላን አልፎ ሐይቅ ከተማ አወረደኝ። ሰይድ ባጃጅ ይዞ ይጠብቀኛል፤ ረዘም ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የባጃጁን ሒሳብ ልክፈል ብል ባለ ባጃጁም ሰይድም እኩል ተቆጡ። እኛ አገር ሁለት ሰው ተስማምቶ አትክፈይ ካለሽ ኋላ የሚጠይቅሽ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐይቁ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ በኮረብታ ተከብቦ ነው ያለው። ሀያት በር ላይ ቆማ "መርሀባ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" ብላ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ተቀበለችኝ ስል ታገልን፣ አሸነፈች። ምሳ የቀረበልኝ ሽሮ በዘይት ነው። "ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ጾም ነሽ" አለችኝ። እኔ እንኳ በመንገዱ ግርግር ረስቼው ነበር። ሙስሊሟ የእኔን ጾም ከእኔ ይልቅ ማወቋ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይቺ ሴት ስለ እኔ ሌላ ምን ታውቃለች አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። የማሽኑ ሣጥን አንድ ጎኑ ተከፍቶ እንደገና በገመድ ታስሯል። ማሽኑ ደህና ነው፤ የኧርዙ ዘንግ ግን የለም። ይህ መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግ ነው፤ መብራት ከገመዱ ቢያመልጥ ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚወርደው በሱ ነው። ውኃና መብራት በሚገናኙበት ሥራ ያለ እሱ ብሬከር አልነካም። ማን ወሰደው? ሰይድን አየሁት፣ ሰይድ ሣጥኑን ያያል። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰይድ በስልክ እያዘዝኩት የዘረጋውን የወለል ቱቦ ደግሞ አላመንኩም። ሲሚንቶ የሸፈነውን ዓይን አያየውም። ውኃ ሞልቼ በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቼ ጌጁ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ተውኩት፤ ቱቦው ካፈሰሰ መርፌው ይወርዳል። ሰይድ ሲወጣ ሲገባ ጌጁን አጎንብሶ ያያል። እኔ ደግሞ እሱን አየዋለሁ።

ያን ቀን ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ከጫጩት ቤቱ በር ኋላ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ቆሟል። ለምን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሰይድ መሬት መሬት እያየ፣ እንዲያው ምናልባት ማሽኑ ካልሠራ ብዬ ነው አለኝ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ የት እንዳደሩም አልነገሩኝም።

ሐሙስ

ጌጁ ካሰመርኩበት ንቅንቅ አላለም። ሰይድ ሥራውን አሳምሯል፤ ይህንንም ነገርኩት። ከዚያ የመዳብ ዘንግ ፍለጋ ወጣሁ። ሐይቅ ከተማ አጣሁ፤ ውጫሌ አይጠፋም አሉኝና ወደ አምባሰል በሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ።

አምባሰልን በዘፈን ቅኝት እንጂ በመንገድ አላውቃትም ነበር። አምባው ቀጥ ብሎ ደመና ውስጥ ገብቷል። ከፊቴ የተቀመጠ ሽማግሌ ያንን ሲያይ ቅኝቱን በአፍንጫው ያንጎራጉር ጀመር፤ እኛ ቤት ይህን ቅኝት የምንሰማው ሠርግ ላይ ነው፣ እዚህ ግን ሰውየው እንደ ሰላምታ ነው ያለው። መንገዱ ዳር በጦርነቱ ጊዜ የተበሳሱ ቆርቆሮዎች አሁንም አሉ። ጠርጣሪ መሆን ለዚህ አገር ሰው የበለጠ ይገባው ነበር።

ውጫሌ የገባሁበት ሱቅ ዘንግ የለውም። ባለሱቁ ግን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ይዞኝ ወጣ፤ ሌላ ሱቅ ወሰደኝ። እዚያም የለም። የዚያኛውም ባለቤት ተነሥቶ ተከተለን፣ ሦስት ሆነን አንድ ብየዳ ቤት ደረስን። ኮሚሽኑ ስንት ሊሆን ነው እያልኩ አሰላለሁ። በያጁ ከዕቃ ክምር ውስጥ ለሌላ ሥራ ያስቀመጠውን ዘንግ መዘዘ፤ በቴስተር ለካሁት፣ በቢላ ጫርኩት፣ መዳብ የተለበጠ ነው፤ ይበቃኛል። የበያጁን ዋጋ ከፍዬ ዞር ስል ሁለቱ ባለሱቆች የሉም። ሄደዋል። ኮሚሽን ሳይጠይቁ የሄዱ ደላሎች ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ዘንጉን እንደገና ጫርኩት።

ምሳ ቆይቶልኝ ነበር፤ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ። ጣፋጭ ነው። አሳውን ከየት እንዳመጡት ስጠይቅ ሀያት "ከሐይቁ ነዋ" አለችኝ።

ዓርብ

የሐይቁ ሥራ ለዓርብ ነበር። ውኃ የሚስበው ፓምፕ በብረት ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ቅርጫቱ በወንፊት ይጠቀለላል፤ ጭቃ እንዳይስብ ከሥሩ ከፍ ብሎ፣ ቅጠልና አረፋ እንዳይስብ ከላይ ወረድ ብሎ በገመድ ከተንሳፋፊ ጀሪካን ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ከዳር ቆሞ መሥራት አይቻልም፣ ታንኳ ያስፈልጋል። ሰይድ አባ ይመርን ጠራ። አባ ይመር የዚያ ዳርቻ አሳ አጥማጅ ናቸው፤ ፂማቸው የሸበተ፣ ዓይናቸው ግን ወጣት የሆነ።

ገመዱን እንዴት እንደሚያስሩ ከዳር ሆኜ ነገርኳቸውና እሳቸውና ሰይድ ቀዝፈው አወረዱት። መዋኘት ስለማልችል ታንኳ አልገባም ነበር። ሲመለሱ አባ ይመር አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ይኼ ነገር ውኃው ውስጥ ምን ይጨምራል ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኩ። አሳውን ያሸሸዋል ወይ? አያሸሸውም፤ ቀዝቅዞ የሚወጣው ውኃ ወደ ሐይቁ አይመለስም፣ ወደ ሀያት የቃሪያ ማሳ ነው የሚሄደው። ለምን አይመለስም? እዚያው አጠገብ ከተመለሰ ማሽኑ የራሱን ቅዝቃዜ መልሶ ይጠጣል። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ከመጀመሪያው ጠየቁኝ። መርማሪ ሲመረምር እንደዚያ ነው፤ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ። እኔም ስጠይቅ እንደዚያው ነኝ፣ ስለዚህ አወቅሁባቸው። መጨረሻ ላይ "እሽ" አሉና ጀሪካኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ያ "እሽ" አላማረኝም።

ሰይድ ጁምዓ ሲሄድ ብቻዬን የመብራቱን ገመድ ዘረጋሁ፣ የውጫሌውን ዘንግ ቀበርኩ፣ እርጥበት የማይነካው ቦታ ላይ ብሬከሩን ሰቀልኩ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ ለካሁ። አመሻሽ ላይ አስነሣሁት። ኮምፕሬሰሩ አጉረመረመ፣ የቃሪያው ማሳ ቦይ ቀዝቃዛ ውኃ ተቀበለ፣ ትልቁ ታንከር መሞቅ ጀመረ። ያ ታንከር መብራት ሲሄድ እንኳ ወለሉን አሙቆ የሚያቆየው ነው። ቆይቶ ሀያት ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ቆመች። ለብ ብሏል። እግሯን እዚህም እዚያም እያነሣች አስቀመጠች። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ዳር ወረድኩ። አባ ይመር ታንኳቸውን ጀሪካናችን አጠገብ አቁመው አጎንብሰዋል፤ ክንዳቸው እስከ ትከሻ ውኃ ውስጥ ነው። ሲያዩኝ ቀና አሉ፣ እጃቸውን አነሡልኝ፣ ቀዝፈው ሄዱ።

ስመለስ ማሽኑ ቆሟል።

በማሽኑ ላይ ዘብ የምለው አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ፍሎው ስዊች ነው። ውኃ በደንብ ማለፉን ይጠብቃል፤ ከቀነሰ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። አሁን ያጠፋው እሱ ነው። አስነሣሁት፣ ጥቂት ሄዶ እንደገና ጠፋ። መብራቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። ማጣሪያውን ከፈትኩ፣ ንጹሕ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር የለም። ፓምፑም ይሠራል፣ የሚያመጣው ውኃ ግን እንደ ሕፃን ሽንት ቀጥኗል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘቡን ነው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ዋሽቶ ይሆናል። ግን የቃሪያው ቦይም ደርቋል፤ ሁለቱ ተማክረው አይዋሹም።

ሰይድ እሑድ የሚመጡትን ጫጩቶች ያሰላል። "እህቴ፣ ያን ዘብ ዳይሬክት አድርጊው በቃ። ለነገ ይድረስ እንጂ ኋላ ታበጃለሽ" አለኝ።

ዘቡን ዘሎ ማሽኑን ማስነሣት አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው የሚፈልገው። ብዙ ባለሙያ ያደርገዋል፣ ደንበኛ ደስ ብሎት ይሸኘዋል። ግን ዘቡ ካልጠበቀ የቀጠነው ውኃ ማሽኑ ሆድ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ስስ የሆኑትን ሳህኖች ይሰነጥቃል፤ ውኃው ጋዙ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ያን ጊዜ አለቀለት፣ ምናልባትም ጫጩቶቹ ውስጥ እያሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼኛው ቢፈስ የሚለቀምም አይደለም። አይሆንም አልኩት።

ሀያት በሩ ላይ ቆማ ስትሰማን ነበር። "እንግዲያ ከሰሉን አስገቡት" አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። "ጫጩቶቹን እኔው እጠብቃለሁ። አሁን አውቀዋለሁ፣ ራሴን ሲያመኝ እወጣለሁ።"

ሰይድ ፊቱን አዞረ። እኔ ደሜ ፈላ። ይቺን ሴት ወደዚያ ጭስ የሚመልስ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነም በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልቁል ወደ ዳር ወረድኩ። አጥማጆቹ መረባቸውን እየዘረጉ ነው፣ አባ ይመርም መሐላቸው። በሁሉም ፊት፣ ጠዋት ፓምፓችንን ሲነኩ አይቻለሁ፣ ማሽኑን ያቆሙት እርስዎ ነዎት፣ ይቺ ሴት ብትሞት በእጅዎ ናት አልኳቸው። ሰይድ ከኋላዬ ደርሶ እጄን ያዘኝ፣ አስለቀቅሁት። አጥማጆቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አንዱም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

አባ ይመር መረቡን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "አዎ፣ ነክቸዋለሁ" አሉ። "ነይ ግቢ፣ አብረን እንየው።"

ታንኳ ገባሁ። ከንዴት ነው እንጂ ከድፍረት አይደለም። ዳሩ ሲርቅ ግን ንዴቱ ለቀቀኝ፤ የከሰስኩት ሰው ታንኳ ላይ፣ ዋና የማላውቅ፣ ከሥሬ የማላየው ጥልቅ ውኃ። በሁለት እጄ ጠርዙን ጨበጥኩ። እሳቸው አንዴ ዞር ብለው አዩኝና ቀዘፋውን አለዘቡልኝ።

ጀሪካኑ ጋ ስንደርስ ገመዱን ስበው ቅርጫቱን አወጡ። ወንፊቱ አይታይም። ዙሪያውን በለምለም ሣር ተሸፍኗል፤ ከላይ የዛሬው፣ ከሥሩ የትናንት ምሽቱ፣ በመረብ ክር በጥንቃቄ ታስሮ፣ ፓምፑ ስቦት እንደ ሰሌን ተለጥፏል። ያ ሁሉ ሣር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፣ አንዱም ቅጠል የደረቀ የለበትም። ዓይኔን ቀና አድርጌ አየኋቸው።

"እርጥብ ነው" አሉኝ። "አዲስ ታንኳ፣ አዲስ መረብ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አፉ ላይ እርጥብ እናስርለታለን። ሰላም እንዲገባ፣ በሰላም እንዲያወጣ። የናንተ ዕቃ ትናንት ያለ እርጥብ ሲገባ ቅር አለኝ፤ ያቺ ልጅ ባለፈው ምን እንደሁነች እኔም አውቃለሁ። ምርቃት ደግሞ አይደርቅም፣ ጠዋት አዲስ ደረብኩለት። አፉ የት ነው ብየ ፈለግሁ፣ አገኘሁት።"

እውነታቸውን ነው፣ አፉን አግኝተውታል። ልቅ አድርገው እንዳያስሩት መረብ አሳሪ ናቸው፣ ቋጠሮው ለመፍታት እንኳ አስቸገረኝ። ክሩን ፈታሁ። ሣሩን ልጥለው ስል እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ጀሪካኑ እጀታ ላይ፣ ከውኃው በላይ አሰሩት። "እዚህስ ይከለክለዋል?" ብለው ጠየቁኝ። አይከለክለውም አልኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር እኮ፤ እጁን ያስገባው ሰውዬ እሳቸው ናቸው። የተሳሳትኩት በልባቸው ላይ ነው።

ማሽኑን አስነሣሁት። ዘቡ ዝም አለ። የቃሪያው ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ። ምሳ አሳ ነበር፤ ትንሽ ነው የበላሁት።

እሑድ

ጫጩቶቹ ከኮምቦልቻ በኩል በካርቶን ተደርድረው መጡ። ሀያት አንድ በአንድ አፋቸውን ውኃ እያስነካች ወለሉ ላይ ለቀቀቻቸው። ጫጩት ውሸት አያውቅም። ሲበርደው ተቆልሎ አንዱ አንዱን ይጨፈልቃል፤ ሲሞቀው ግድግዳ ይዞ ያለከልካል። እነዚህ ጥቂት ተንጫጩና በቤቱ ሁሉ ተበትነው፣ አንዳንዶቹ እንደ ፈሰሰ ጥሬ ተዘርግተው ተኙ። ሀያት ውጡልኝ አለችን፣ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ሰይድ በሩ ላይ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አንኳኳ፤ "አለሁ" አለች። ጥቂት ቆይቶ እንደገና። "አለሁ።" እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የማሽኑን ማጉረምረም አዳምጣለሁ። እንደዚያ እያለ እሱ ማንኳኳቱን አልተወም፣ እሷም መመለሱን አልተወችም። ሰልችቷት ስትወጣ ዓይኗ የጠራ ነው። በረጅሙ ተነፈሰችና "ምንም አይሸትም" አለች፣ "ራሴንም አላመመኝም።" ሰይድ ሄዶ ያን የከሰል ማዳበሪያ ተሸክሞ ከግቢ አወጣው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ምሳ ላይ ደግሞ አሳ ቀረበ። እስከዚያ ቀን አሳ የሚሰጡኝ ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሀያት ሳቀች። እኛ የባረክነውን ሥጋ አንቺ አትበይም፣ አንቺ የባረክሽውን እኛ አንበላም፤ አሳ ግን ባራኪ የለው፣ ቢላ ሳይነካው ነው የሚሞት፤ እንግዳ ብቻውን እንዳይበላ አሳ ነው የሚያቀራርበን አለችኝ። ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ አባ ይመር ጠዋት ከመረባቸው እየመረጡ፣ ለእንግዳችሁ ብለው ያመጡልናል አለችኝ። ቅዳሜም? ቅዳሜም። ከመክሰሴ በፊት ወይስ በኋላ? ሀያት እንጀራውን ወደ እኔ አስጠጋች። "በኋላ" አለች።

ያን አሳ ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ለምለም ሣር አጨድኩ፣ በሁለት እጄ ይዤ አባ ይመር ታንኳ ጋ ሄድኩ። እሳቸው መረብ እየጠገኑ ነበር። እንዴት እንደሚሰጥ ስለማላውቅ ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁላቸው፣ "አባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ተቀበሉኝ፣ ከፍለው ግማሹን ታንኳቸው አፍ ላይ አሰሩ፣ ግማሹን መለሱልኝ። "መንገድ አለብሽ አይደል" አሉ።

ሰኞ

የመመለሻው መንገድ ያው ነው፤ ሱሉላ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ። ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ እንኳ አላስታውስም፤ ቆሎ ሰጡኝ፣ በላሁ።

ፍተሻው ላይ ወረድን። ፈታሹ ሌላ ሰው ነው፣ ወጣት። ቦርሳዬን ከፍቶ ቴስተሩን አለፈው፣ ጌጁን አለፈው፤ ከሥር ደርሶ በጨርቅ የጠቀለልኩትን ፈታ። የጠወለገ ሣር ነው። አሸተተው። አንድ ቅጠል ቆርጦ በጣቱ አሽቶ እንደገና አሸተተው። ከዚያ አየኝ፤ እኔ አባ ይመርን ያየሁበት ዓይን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት፣ ምን ያህል እንደሚከብድም ያን ጊዜ ገባኝ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለኝ።

ሣር ነው አልኩት። ከመሣሪያ መሐል ሣር ማን ይሸከማል አለኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሁሉ ያየኛል። ተሟገቺ ይለኝ ነበር የዱሮው ጠባዬ።

"ምርቃት ነው" አልኩ። "ሐይቅ፣ አሳ አጥማጅ ናቸው የሰጡኝ።"

ልጁ ሣሩን ትንሽ ያዘው። ከዚያ "እናቴ የዚያ አገር ሰው ናት" አለና ጨርቁን እንደነበረ ጠቅልሎ፣ ቦርሳው ሥር ሳይሆን ከመፍቻዎቹ በላይ፣ እንዳይጨፈለቅ አድርጎ አስቀመጠልኝ።